ስፕሬይ ፎም ማንን ያዋጣል? ማንንስ ያከስራል?

ቅዝቃዜን በገንዘብ ለሚገዛ ድርጅት ቁጠባ ነው፤ ቅዝቃዜን በነፃ ለሚያገኝ ቤት ግን ምቾት እንጂ ትርፍ አይደለም

ፎም ሲባል በአገራችን ገበያ መጀመሪያ የሚታወሰው ፍራሽ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥሙ ባለሙያዎች በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለመድፈን ከጣሳ የሚነፉት ቢጫ አረፋ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በየቤታችን እያለ የማናየው፣ በፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ ተሞልቶ የተቀመጠው ነው። የሦስቱም ዘር አንድ ሲሆን ፖሊዩሬቴን ይባላል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሱበት የኬሚካል ውሕደት ውጤት ነው።

የዛሬው የገበያ ዳሰሳችን የሚያተኩረው በአራተኛው ወንድም ላይ ነው። ይኸውም በማሽን ተገፍቶ፣ በረጅም ቱቦ ተጉዞ፣ በጣሪያና በግድግዳ ላይ በቦታው የሚረጨው ስፕሬይ ፎም ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ መኖሪያ ቤትን፣ እርሻንና ንግድ ቤትን በአንድነት የሚያገለግል ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ሆኗል። አንድ መኪና፣ አንድ ማሽን፣ ጥቂት ሠራተኞች ይበቁታል። ስለዚህም ከሩቅ ለሚያየው ባለሀብት በቀላሉ ተጭኖ የሚመጣ፣ መሬትም ሼድም የማይጠይቅ ንግድ ይመስላል።

እዚያ ያዋጣ ሁሉ እዚህ ያዋጣል ማለት ግን አይደለም። ስፕሬይ ፎም ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥያቄ ማንን ያዋጣል የሚለው ነው።

ፋብሪካው ያለው ጣሪያዎ ላይ ነው

ሸቀጡ ሁለት ፈሳሽ ነው። አንደኛው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ሁለተኛው ፖሊዮል ሲሆን በውስጡ ውሕደቱን የሚያፋጥኑ፣ እሳትን የሚያዘገዩና አረፋውን የሚነፉ ልዩ ልዩ ቅመሞች አሉበት። ሁለቱ በየበርሜላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ማሽኑ ከሁለቱም እኩል መጠን እየሳበ፣ እያሞቀና በከፍተኛ ግፊት እየገፋ ወደ መርጫው ይልካቸዋል። የሚገናኙት መርጫው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ያብጣሉ፤ ወዲያውም ይጠነክራሉ።

ከዚህ አንድ ትልቅ የገበያ ቁም ነገር ይወጣል። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ ወይም ሳንድዊች ፓናል የሚገዛ ሰው በፋብሪካ ያለቀ ዕቃ ይገዛል፤ ጉድለት ካለው ሳይጭነው ይመልሰዋል። ስፕሬይ ፎም የሚገዛ ሰው ግን ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው የሚገዛው። ፋብሪካው ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም መርጫውን የያዘው ሠራተኛ ነው። የሁለቱ ፈሳሾች ምጣኔ ከተዛባ፣ ሙቀቱ ካነሰ ወይም የሚረጭበት ቆርቆሮ እርጥብ ከሆነ የሚወጣው ፎም ይሸበሸባል፣ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ አለዚያም ለወራት የሚዘልቅ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ከተጣበቀ በኋላ የሚወገደው በመፋቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ፎሙ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ክፍት ቀዳዳ የሚባለው ለስላሳ ሲሆን አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የውኃ እንፋሎትንም ያሳልፋል። ዝግ ቀዳዳ የሚባለው ጠንካራ ሲሆን 32 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ እርጥበትን ይቋቋማል፤ በእኩል ውፍረትም ከክፍት ቀዳዳው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የተሻለ ሙቀት ይከላከላል። ይህም ማለት ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር ዝግ ቀዳዳ ፎም የሚገባው ኬሚካል ለክፍት ቀዳዳው ከሚገባው አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዓይነቱንና ውፍረቱን ሳይገልጽ "በካሬ ሜትር ይህን ያህል ብር" የሚል ዋጋ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገር በኩንታል እንደተጠራ እህል ነው። ለማቀዝቀዣ ክፍል የሚሆነው ዝግ ቀዳዳው ብቻ ነው።

የሴንቲሜትር ሒሳብ

ሻጭ ሁልጊዜ ወፍራሙን፣ ገዢ ሁልጊዜ ቀጭኑን መምረጡ የተለመደ ነው። ሁለቱንም የሚያስታርቃቸው ሒሳብ ነው።

ለምሳሌ ያህል 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3 ሜትር የሚደርስ የማቀዝቀዣ ክፍል እንውሰድ። ወለሉ 20፣ ጣሪያው 20፣ ግድግዳዎቹ 54፣ በድምሩ 94 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውስጡ 2 ዲግሪ፣ ውጩ በሁሉም ወገን 27 ዲግሪ ነው እንበል። ጥሩ ዝግ ቀዳዳ ፎም ሙቀት የሚያስተላልፍበትን መጠን 0.025 ብለን ብናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን።

ፎሙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በግድግዳው በኩል ዘወትር የሚገባው ሙቀት 2,350 ዋት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 1,175 ይወርዳል። በ7.5 ሴንቲ ሜትር 783፣ በ10 ሴንቲ ሜትር 588፣ በ12.5 ሴንቲ ሜትር 470፣ በ15 ሴንቲ ሜትር 392 ዋት ይሆናል።

አንባቢ ልዩነቶቹን ያስተውል። ሁለተኛው 2.5 ሴንቲ ሜትር 1,175 ዋት ያስቀራል። ሦስተኛው 392፣ አራተኛው 195፣ አምስተኛው 118፣ ስድስተኛው 78 ዋት ብቻ ያስቀራሉ። የኬሚካሉ ወጪ ግን ለእያንዳንዱ እርከን እኩል ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ ጥቅም የሚባለው ሕግ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝለትም። የመጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች ወርቅ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ግን ዋጋቸው ከሚመልሱት ጋር መመዘን አለበት።

ከ5 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር ያዋጣል ወይ? ጭማሪው 4.7 ኪዩቢክ ሜትር ፎም ነው። በ35 ኪሎ ግራም ክብደት ሲሰላ 165 ኪሎ ግራም ያህል ኬሚካል ይሆናል። በምላሹ በቀን 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት እንዳይገባ ይከላከላል። የማቀዝቀዣው ሞተር በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለት ተኩል ያህል ሙቀት ያወጣል ብንል፣ ቁጠባው በቀን 5.6፣ በዓመት ወደ 2,060 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ ባለንብረቱ የ165 ኪሎ ግራሙን ዋጋ ከነርጨቱ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ 2,060ን በሚከፍለው ታሪፍ ያባዛ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ቢያካፍል ገንዘቡ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያገኛል።

ሒሳቡ ሲሠራ ሁለት ነገር መታወስ አለበት። አንደኛ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። የዛሬውን ታሪፍ ይዞ የሚያሰላ ሰው ቁጠባውን አሳንሶ ያያል። ሁለተኛ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ጄኔሬተር ለሚያስነሳ ድርጅት የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የናፍጣ ዋጋ ነው። ጄኔሬተር ለሌለውም ቢሆን ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ይህም ዕቃውን ከመበላሸት የሚያድን ዋስትና ነው። በሌላ በኩል በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሙቀትና ዕቃው ራሱ ይዞት የሚመጣውን ሙቀት ፎም አይከለክልም። በሩ ሲከፈት የሚውል ክፍል ግድግዳውን ቢያወፍር የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

የሚያዋጣባቸው ቦታዎች

ከዚህ ሒሳብ እንደምንረዳው ፎም የሚያተርፈው ለሙቀት ወይም ለቅዝቃዜ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሲኖር ነው። በአገራችን እነዚህ ከፋዮች እነማን ናቸው?

በመጀመሪያ ረድፍ የሚቀመጡት ላኪዎች ናቸው። ከዝዋይ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚነሣ አበባ ከተቆረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ወደ 2 እና 4 ዲግሪ መካከል ካልቀዘቀዘ ጨረታ ላይ ሲደርስ ዋጋ ያጣል። በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉ የኤክስፖርት ቄራዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት የበግና የፍየል ሥጋም እንዲሁ ነው። በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል መላክ የጀመረው አቮካዶም ከማሳ እስከ ወደብ ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ ይፈልጋል። የኮንቴይነሩ ግድግዳ ራሱ በፖሊዩሬቴን የተሞላ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ገበያ ስፕሬይ ፎም ብርቱ ተፎካካሪ አለው። እሱም ሳንድዊች ፓናል ነው። ፓናል በፋብሪካ ተመዝኖና ተለክቶ ያለቀ ነው፤ ሁለት ፊቱ ብረት ስለሆነ ይታጠባል፤ ተፈትቶም ሌላ ቦታ ይተከላል። አዲስ የማቀዝቀዣ ክፍል ከባዶ ለሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፓናል ይቀለዋል። የስፕሬይ ፎም ድርሻ ፓናል የማይመችበት ቦታ ነው። የቆየ የብሎኬት መጋዘን ወደ ማቀዝቀዣነት ሲለወጥ፣ ግድግዳው ሲጠማዘዝ፣ ቧንቧና ምሰሶ ሲበዛ፣ ነባር ክፍል ሲጠገን ፎሙ እንደ ልብስ ልክ ይሆናል። መጋጠሚያም አይኖረውም። በርካሽነቱ ከሚታወቀው ነጭ የፖሊስታይሪን ሰሌዳ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ዝግ ቀዳዳ ፎም የሚሠራውን ለመሥራት ሰሌዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን ይኖርበታል። ቦታ ለጠበበው ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ ቦታ ለተረፈው ግን ርካሹ ሰሌዳ ይበቃዋል።

በሁለተኛ ረድፍ የዶሮ እርባታ ይመጣል። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት 32 ወይም 33 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። በደጋ ሌሊት ይህን ሙቀት ለመስጠት የሚቃጠለው ጋዝ፣ ከሰል ወይም ኤሌክትሪክ በቆርቆሮው በኩል ወደ ሰማይ የሚወጣ ከሆነ ገበሬው ሰማይን እያሞቀ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ዶሮ ፎም ትጭራለች፤ ጥንዚዛም እየቦረቦረ ይገባበታል። ስለዚህ ዶሮ በምትደርስበት ከፍታ ሁሉ ፎሙ በልስን ወይም በቆርቆሮ መሸፈን አለበት። ይህ የሽፋን ወጪ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ መካተቱን ያልጠየቀ አርቢ ኋላ ሁለተኛ ደረሰኝ ይመጣበታል።

በሦስተኛ ረድፍ የቡና፣ የሰሊጥና የጥራጥሬ መጋዘን አለ። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው እርጥበትም ከሥሩ ወደ ውኃ ተለውጦ ይንጠባጠባል። መጋዘን ጠባቂዎች ቆርቆሮው አላበው የሚሉት ይህንኑ ነው። እስከ 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት ድረስ ተለፍቶበት የደረቀ ቡና ላይ የሚወርድ ጠብታ የሚያበላሸው ደረጃውን ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝግ ቀዳዳ ፎም ከቆርቆሮው ሥር ቢረጭ እርጥበት ያለው አየር ቀዝቃዛውን ብረት ስለማይነካ ላቡ ይቆማል። እዚህ ላይ ትርፉ የሚለካው በመብራት ሒሳብ አይደለም፤ ከደረጃው ባልወረደ ቡና ነው። ሆኖም መጋዘኑ መተንፈሻ ከሌለው መጀመሪያ መተንፈሻውን ማበጀት በርካሽ ብዙ ይሠራል።

አራተኛው ረድፍ ቆላማው ክፍል ነው። በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ አየር ማቀዝቀዣ ቀንና ሌሊት የሚያሠሩ ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ የመድኃኒት መጋዘኖችና የቴሌኮም ጣቢያዎች ቅዝቃዜን በየሰዓቱ ይገዛሉ። ቅዝቃዜ ሸማች ናቸውና ሒሳቡ ለእነርሱም ይሠራል።

መኖሪያ ቤትስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ይሞቃል፤ ሌሊት ይበርዳል፤ ክረምት ሲገባ የዝናቡ ድምፅ ንግግር ያቋርጣል። ፎም ሦስቱንም ያለዝባል። ነገር ግን የሚቀንሰው ወርኃዊ ክፍያ የለም፤ ያልተከፈለ ሒሳብ አይቆጠብምና። ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት የሚገዛ ፎም የምቾት ግዢ ነው። ምቾት መግዛት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ምቾትን "ገንዘብዎን ይመልሳል" ብሎ መሸጥ ነው። ጥሩ ኮርኒስ፣ በጣሪያና በኮርኒስ መካከል የአየር መውጫ፣ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም መቀባት የሙቀቱን ችግር በርካሽ ያቃልላሉ። እነዚህን ሳይሞክሩ ወደ ፎም መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በምዕራቡ ዓለም የመኖሪያ ቤት ገበያው የሰፋው ሰዎች በክረምት ለማሞቂያ፣ በበጋ ለማቀዝቀዣ ብዙ ስለሚከፍሉ ነው። መንግሥትም ያግዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ቤቱን በሙቀት መከላከያ ያሻሻለ ባለቤት የወጪውን 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር ድረስ ከግብሩ ይቀንስ ነበር። ይህ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ ተደርጓል። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ ቤት ገዝቶ ፎም ያስረጨና የማሞቂያ ወጪው የቀነሰለት ወገናችን "አገር ቤት ብናስገባው" ቢል አይፈረድበትም፤ ግን የማሞቂያውንም ክፍያ የግብሩንም ቅናሽ አብሮ ይዞ አይመጣም።

የእንግሊዝ ትምህርት

ለቤት ደላሎችና ለባንኮች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከእንግሊዝ ይመጣል። በዚያ አገር የድሮ ቤቶች ጣሪያ በእንጨት ማዋቀሪያ ላይ የተደረደረ ሸክላ ወይም ድንጋይ ነው። ሻጮች ከጣሪያው ሥር፣ በእንጨቱ ላይ ጭምር ፎም እየረጩ ብዙ ቤቶችን ሸፈኑ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ባቀረበው ዘገባ መሠረት ፎም የተረጨባቸው ቤቶች ቁጥር ሩብ ሚሊዮን ይደርሳል።

ችግሩ የታወቀው ቤቶቹ ሲሸጡ ነው። ገማቹ ጣሪያውን ለመመርመር ሲወጣ እንጨቱን ማየት አልቻለም፤ ፎሙ ሸፍኖታል። ፎሙ የአየር መተላለፊያውን ዘግቶ ከሆነ እንጨቱ ከሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ያላየውን ነገር ገማች አይመሰክርም፤ ያልተመሰከረለትን መያዣም ባንክ አይቀበልም። በዚያው ዘገባ እንደተገለጸው ከታላላቆቹ የቤት ብድር ሰጪዎች ሩብ ያህሉ ጣሪያው ውስጥ ስፕሬይ ፎም ላለበት ቤት አናበድርም ብለዋል። ለሙቀት ቁጠባ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ፎሙን ለማስፋቅ እንደገና በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ለመክፈል ተገደዱ።

ይህ ማለት እዚያ የተረጨው ፎም ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራውም ቢሆን ሊረጋገጥ ስላልቻለ ዋጋ አጣ ማለት ነው። የገበያ ዋጋ የሚቆመው በዕቃው ጥራት ብቻ ሳይሆን ጥራቱ ለሦስተኛ ወገን በሚታይበት መንገድም ጭምር ነው።

በእኛም አገር የብዙ ቤት ጣሪያ የተሠራው በባሕር ዛፍ አጣና ነው። የሚያፈስ ቦታ የሚታወቀው ኮርኒሱ ላይ በሚታየው ምልክት ነው። ምስጥ የሚታወቀው እንጨቱ ሲታይ ነው። በዚህ ላይ ፎም ከተረጨ ሁለቱም ይደበቃሉ። ከዚህም ሌላ ያገለገለ ቆርቆሮ በምናለሽ ተራ ዋጋ ያለው ንብረት ነው፤ ፎም የተጣበቀበት ቆርቆሮ ግን እንደ ቀድሞው አይሸጥም፤ ምስማሩን ነቅሎ አንድ ቅጠል መለወጥም ያስቸግራል። ቤቱን ወደፊት ለመሸጥ ወይም በባንክ ለማስያዝ ያሰበ ባለቤት ፎሙን በቀጥታ በእንጨትና በቆርቆሮ ላይ ከማስረጨት ይልቅ ኮርኒሱ ላይ ተነጥፎ የሚነሣ መከላከያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

አገልግሎቱን ለመክፈት ለሚያስብ

እስካሁን ስለ ገዢ ተናገርን። ማሽኑን አስገብቶ አገልግሎት ለመስጠት ለሚያስበው ባለሀብትም ጥቂት ነጥቦች አሉ።

አንደኛው የኬሚካሉ ዕድሜ ነው። ሁለቱ በርሜሎች በአንድነት 450 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። በርጨት ጊዜ የሚባክነው ሲቀነስ 11 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ዝግ ቀዳዳ ፎም ይወጣቸዋል፤ ይህም በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 370፣ በ10 ሴንቲ ሜትር 110 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር የመጋዘን ጣሪያ በ3 ሴንቲ ሜትር ለመሸፈን ሦስት ጥንድ በርሜል ያህል ያስፈልጋል። ችግሩ ፖሊዮሉ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም፤ ያውም ከፀሐይና ከከፍተኛ ሙቀት ተጠብቆ ነው። አይሶሳይኔቱ ደግሞ እርጥበት ከነካው ይረጋል። በባሕር የሚፈጀው ጊዜ፣ በሐሩር ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው ጅቡቲ የሚደረገው ቆይታና የጉምሩክ ሂደቱ ተደምረው ከዚህ ዕድሜ ላይ ይቀነሳሉ። ውል ሳይዝ በኮንቴይነር የሚያስመጣ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ ይታቀፋል።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ ብር ማለፉ ይታወሳል። ኬሚካሉ በዶላር ይገዛል፤ አገልግሎቱ በብር ይሸጣል። ዋጋ ሰጥቶ ከወራት በኋላ የሚረጭ ድርጅት በልዩነቱ እንዳይከስር የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ አረፋ ይበልጥ ያብጣል። ስለዚህ በባሕር ወለል የተለካ ኬሚካል እዚህ ሲረጭ የሚወጣው ፎም ቀለል ሊል፣ ጥንካሬውም ሊያንስ ይችላል። የአቅራቢውን ወረቀት ከማመን እዚሁ ተረጭቶ የደረቀን ናሙና ቆርጦ መመዘን ይገባል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ ሩብ ያህል ስለሚያጣ ማሽኑ ከሚጠይቀው አቅም አስበልጦ መግዛት ያሻል። በርጨት መሐል መብራት ከጠፋ የቱቦው ሙቀት ይወርዳል፤ ምጣኔውም ይዛባል።

አራተኛው ወቅቱ ነው። ፎም በእርጥብ ነገር ላይ አይያዝም። በክረምት ወራት የውጭ ሥራ ስለሚቆም ማሽኑ ያርፋል፤ የባንክ ወለድ ግን አያርፍም።

ሕግ የሚዘጋው በር

አረፋውን የሚነፋው ጋዝ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ያገለግሉ የነበሩት ጋዞች የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዱ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል እንዲቀሩ ተወሰነ። በእነርሱ ቦታ የተተካው፣ ባለሙያዎች 141ቢ የሚሉት ጋዝም ጊዜያዊ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የዚህን ቤተሰብ ጋዞች እ.ኤ.አ. በ2025 በ67.5 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በ2030 ለጥገና ከሚፈቀድ ጥቂት መጠን በስተቀር እንዲያቆሙ የጊዜ ሰሌዳ ወጥቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ኦዞንን ባይጎዱም ምድርን በከፍተኛ ደረጃ ስለሚያሞቁ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ማሻሻያ ሥር ገብተዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ በፎም ሥራ ላይ ገድባቸዋለች።

ነጋዴ ከዚህ የሚያገኘው ቁም ነገር አጭር ነው። በሌላ ገበያ በር የተዘጋበት ኬሚካል ወደ እኛ በርካሽ ሊመጣ ይችላል። ርካሹን ሲያዩ የጋዙን ስም ይጠይቁ፤ ጥቂት ዓመት ብቻ የቀረው ዕቃ ላይ የረጅም ጊዜ ንግድ አይመሠረትም።

ትንፋሽና እሳት

አይሶሳይኔት የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳና አስም የሚያስይዝ ኬሚካል ነው። አንድ ጊዜ ያስቆጣው ሰው ኋላ በጥቂቱም ይታመማል። መርጫውን የሚይዝ ሠራተኛ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭንብል፣ ሙሉ ልብስና ጓንት ያስፈልገዋል። ፊትን በሻሽ መጠቅለል ከመከላከያ አይቆጠርም። በቤቱ የሚኖሩ ሰዎችም በርጨቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ አቅራቢው እስከሚወስነው ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት፣ መውጣት አለባቸው።

የእሳቱ ነገር የባሰ ነው። ተሸፍኖ ያልተቀመጠ ፎም በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ ጭሱም ገዳይ ነው። በደቡብ ኮሪያ ኢቾን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን በተነሣ እሳት 40 ሰዎች ሞተዋል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በግንባታ ላይ በነበረ መጋዘን 38 ሠራተኞች አልቀዋል። በሁለተኛው አደጋ የፖሊስ ምርመራ የደረሰበት ምክንያት የብየዳ ፍንጣሪ ግድግዳው ላይ በነበረው የፖሊዩሬቴን ፎም ላይ ማረፉ ነው። ፎምና ብየዳ በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ቀን መሠራት የለባቸውም። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ያለ ፎም ቢያንስ 12.7 ሚሊ ሜትር በሆነ የጂፕሰም ሰሌዳ ወይም በተመሳሳይ ነገር እንዲሸፈን ይጠየቃል።

ከጥድፊያ የሚመጣ እሳትም አለ። ፎሙ ሲያብጥ ከውስጥ ሙቀት ያመነጫል። ዝግ ቀዳዳው በአንድ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲረጭ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ሊያርና ሊነድ ይችላል። በንብርብር መሥራትና በመሐል ማቀዝቀዝ ይገባል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንድ ቀን እንጨርሳለን የሚል ባለሙያ መጠርጠር አለበት።

ከመፈረም በፊት

ውል የሚፈርም ድርጅት ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ፎሙ ዝግ ነው ወይስ ክፍት? ክብደቱ በኪዩቢክ ሜትር ስንት ነው? ውፍረቱ ስንት ነው፣ በስንት ንብርብርስ ይረጫል? በርሜሎቹ የተመረቱት መቼ ነው? የሚነፋው ጋዝ ስም ማን ነው? ሽፋኑን የሚሠራው ማን ነው፣ ወጪውስ የማን ነው? ተቆርጦ የሚመዘነው ናሙና ከታዘዘው ቢያንስ ማን ይፍቃል? ውጭ ለፀሐይ የሚጋለጥ ከሆነ ፀሐይ ፎሙን ስለምታፈርሰው የሚቀባው መከላከያ ምንድን ነው? ከመረጨቱ በፊት የእያንዳንዱ ጣሪያና ግድግዳ ፎቶግራፍ ይነሣል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ለእንግሊዞቹ ቤት ባለቤቶች ብዙ ገንዘብ ባዳነላቸው ነበር።

በጠቅላላው ሲታይ ይህ ንግድ በአገራችን ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ጠባቡን ቦታ አስቀድሞ የለየ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ክፍል፣ የዶሮ ቤት፣ የላብ ችግር ያለበት መጋዘንና ቆላማ ከተማ ላይ ያተኮረ፣ ሠራተኛውን ያሠለጠነና ሥራውን በሚዛን የሚያስረክብ ድርጅት ደንበኛ አያጣም። በየመንደሩ ቤት ለቤት "ጣሪያዎን እንርጭ" እያለ የሚዞረው ግን የሚሸጠው ገንዘብ የማይመልስ ዕቃ ነው፤ ይህንንም ከእሱ ቀድሞ የሚያውቀው ቤቱ የሚሸጥበት ቀን የሚመጣው ገማች ይሆናል።